መራጭ ዳኛ ነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የታሪክ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን በመጀመሪያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ በአገር አቀፍ ምርጫ ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲዎች ሕዝቡን እንዴት እንደሚቀሰቅሱና ሕዝቡም በበኩሉ ምን እያሰበ ድምፁን እንደሚሰጥ የሚመለከት ነው። ርእሱ ለተማሪ ከፍ ያለ ነው የሚሉ ሰዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ወደዚህ ጥናት የመራን ትልቅ እውቀት ሳይሆን አንድ ትንሽ ውርደት ስለ ሆነ፥ ንግግራችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲመረጥ እኛ የዚህ ክበብ አባሎች አንድ የክፍላችንን ልጅ ደግፈን ተነሥተን ነበር። በየግድግዳው ወረቀት ለጠፍን፤ በዕረፍት ሰዓት እየዘፈንን ግቢውን ዞርን፤ ከየኪሳችን ገንዘብ አዋጥተን ከረሜላና እስክሪብቶ ገዝተን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አደልን። ከዚህም በላይ፥ ልጃችን ከተመረጠ የፈተናው ብዛት ይቀነሳል ብለን ቃል ገባን። የተማሪዎች ማኅበር ይህን ለማድረግ ምንም ሥልጣን እንደሌለው ግን ደኅና አድርገን እናውቅ ነበር። ለአፍ ዳገት የለውም እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ድምፁ ሲቈጠር ልጃችን ተሸነፈ። በማግሥቱ ከረሜላችንን ከበሉት መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አግኝተን ማንን እንደ መረጠች ብንጠይቃት፥ ምንም ሳታፍር፥ «ከረሜላው ጣፋጭ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፄን ግን የሰጠሁት ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ስጠይቃት ቁም ነገር ለመለሰችልኝ ልጅ ነው» አለችን። እኛም ተናደን «ዘጠነኛ ክፍል ምን ያውቃል!» እያልን ስናጉረመርም የታሪክ መምህራችን ሰሙን። አልተቈጡንም። «መራጩ አያውቅም ከማለታችሁ በፊት የህንድን አገር የምርጫ ታሪክ አንብባችሁ ኑ» ብቻ አሉን።

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያን አንብበን የተረዳነውን ነው። ህንድ ለትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አገር አይደለችም፤ ከአያቶቻችንና ከወላጆቻችን መካከል ብዙዎቹ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከዚያ አገር ከመጡ መምህራን ነው። የህንድን ታሪክ ስንናገር ዓመቱን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን።

ህንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው ኦገስት 15 ቀን 1947 ነው። አገሪቱ በዚያው ጊዜ ለሁለት ተከፍላ ፓኪስታን ስትለይ፥ በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ጭፍጨፋ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በሚሊዮን የሚቈጠረውም ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ቁስሉ ሳይሽር፥ ጃንዩወሪ 26 ቀን 1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ፥ ወንድ ሆነ ሴት፥ ባለጠጋ ሆነ ድኻ፥ አንድ አንድ ድምፅ ሰጠ። በዚያን ጊዜ ለመምረጥ ከደረሱት መቶ ሰዎች ውስጥ 85 ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር።

ይህ ነገር ምን ያህል ደፋር እንደ ነበረ ለመገንዘብ ከሌሎች አገሮች ጋር ማስተያየት ይበቃል። ከቀደሙት የኤውሮፓ መንግሥታት ብዙዎቹ ድምፅን በመጀመሪያ ለባለ ርስትና ለባለ ገንዘብ ሰጥተው፥ ቀጥሎ ለሠራተኛው፥ ከዚያም በኋላ ለሴቶች ጥቂት በጥቂት አሰፉት። ስዊዘርላንድ እንኳ ለሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1971 ነው። ህንድ ግን ሁሉን ባንድ ቀን ሰጠች። ስለዚህ «ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ስለ መንግሥት ምን ሊፈርድ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ በውጭም በውስጥም ተነሣ። እኛ በዘጠነኛ ክፍሎች ላይ ያነሣነው ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉልን።

ምርጫውን እንዲያዘጋጁ የተሾሙት ሱኩማር ሴን የተባሉ ሒሳብ የተማሩ ባለሥልጣን ነበሩ። የመጀመሪያው ሥራቸው ከ173 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በመራጮች መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። መዝጋቢዎቹ በየመንደሩ ሲዞሩ ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። በተለይ በሰሜን ህንድ ብዙ ሴቶች የገዛ ስማቸውን ለባዕድ ሰው መናገር እንደ ነውር ይቈጥሩት ስለ ነበር፥ «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ እናት» ብለው ብቻ ተመዘገቡ። ሴን ይህን አልተቀበሉም። የገዛ ስማቸውን እንዲሰጡ ተጨማሪ ጊዜ ተፈቀደላቸው፤ ያም ሆኖ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች ስማቸው ስላልታወቀ ከመዝገቡ ተሰረዙ።

በክበባችን ውስጥ ይህ ነገር ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን «በልማዳቸው ምክንያት መብታቸውን ማጣት አይገባቸውም» ስንል፥ ግማሾቻችን ደግሞ «ስም የሌለው ሰው እንዴት ይመርጣል? ሌላ ሰው በስሙ ቢመርጥበትስ?» አልን። ክርክሩን ያበረደልን ከመካከላችን የአንዱ አያት ነገር ነው። እኒህ አያት ለምርጫ ሊመዘገቡ ሄደው መዝጋቢው ስማቸውን ቢጠይቃቸው «የእገሌ እናት በለኝ» ብለው የልጃቸውን ስም ጠሩ። «የልጅዎን ሳይሆን የራስዎን ነው፥ እማማ» ቢላቸው ጥቂት ዝም አሉና «የራሴን ስም ማን ጠይቆኝ ያውቃል!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዳቸውን በመሶባቸው ክዳን ሥር ያስቀምጡ እንደ ነበር የልጅ ልጃቸው ነግሮናል። እንግዲህ ምርጫ ለሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ነገር የገዛ ስሙን ነው ብለን ተስማማን። በህንድም የስረዛው ወሬ ብዙ ጩኸት ካስነሣ በኋላ፥ በሚቀጥለው ምርጫ ስማቸውን ያስመዘገቡት ሴቶች እጅግ በዙ።

ሁለተኛው ችግር ማንበብ የማይችል ሰው ተወዳዳሪውን እንዴት ይለያል የሚለው ነበር። ለዚህ የተገኘው ዘዴ የሥዕል ምልክት ነው። ኮንግረስ የተባለው ትልቁ ፓርቲ ምልክቱ ጥማድ በሬ ነበር፤ የሶሻሊስቶቹ ዛፍ፥ የኮሙኒስቶቹ የእህል ዛላና ማጭድ፥ ጃና ሳንግ የተባለው ፓርቲ ደግሞ የዘይት መብራት ነበር። በየምርጫ ጣቢያው ለየተወዳዳሪው አንድ አንድ የብረት ሣጥን ተቀምጦ ምልክቱ ተለጠፈበት። መራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ፥ በጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ተቀብቶ፥ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ገብቶ፥ በፈለገው ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። መጻፍ አያስፈልገውም። ማንም አያየውም። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ፥ ሎሌውም ከጌታው ዓይን ተሰውሮ የቆመው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው።

ምርጫው ከኦክቶበር 1951 እስከ ፌብሩወሪ 1952 ድረስ ቆየ። በሂማላያ ተራሮች ላይ በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው በፊት እንዲመርጡ ተብሎ የቺኒ ወረዳ ሰዎች ከሁሉ ቀድመው ኦክቶበር 25 ቀን ድምፃቸውን ሰጡ።

አሁን ወደ ቅስቀሳው እንምጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀዋሐርላል ኔህሩ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ በአውሮፕላን፥ በመኪና፥ በባቡርና በጀልባ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው በየአደባባዩ ተናገሩ። ከሁሉ አብልጠው የተናገሩት ሕዝብን በሃይማኖት ማጋጨትን በመቃወም ነበር። ተቃዋሚዎቻቸውም አልተኙም፤ በየከተማው ሰልፍ፥ በየመንደሩ ስብሰባ አደረጉ። በካልካታ ከተማ መንገድ ለመንገድ በሚዘዋወሩት ላሞች ጀርባ ላይ «ኮንግረስን ምረጡ» የሚል ጽሕፈት በቤንጋሊ ቋንቋ ተቀብቶ ታይቷል። ላሟ ማንን እንደምታስመርጥ አታውቅም፤ የእኛ ከረሜላም እንዲሁ ነበር።

ቅስቀሳ መራጩን የሚያስተምርበት ጊዜ አለ፤ የሚያደናግርበትም ጊዜ አለ። በአሳም ገጠር የሚኖሩ አንድ የ90 ዓመት ሽማግሌ ወደ ምርጫ ጣቢያው መጥተው «ኔህሩን እመርጣለሁ» ቢሉ፥ ኔህሩ በዚያ ወረዳ ስለማይወዳደሩ አይቻልም ተባሉና አዝነው ተመለሱ። የሰሙት አንድ የታላቅ ሰው ስም ብቻ ነበር፤ በወረዳቸው የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራላቸው በቂ አድርጎ የነገራቸው የለም ማለት ነው። ጥፋቱ የሽማግሌው ነውን? እኛ ግን የቀስቃሾቹ ነው ብለን ፈርደናል።

በመጨረሻ ኮንግረስ ከ489 መቀመጫዎች 364ቱን አሸነፈ። ያገኘው ድምፅ ግን ከመቶ 45 ያህል ብቻ ነበር። ይህ እንዴት እንደሚሆን በክፍላችን ምሳሌ እናስረዳ። ሦስት ልጆች ተወዳድረው አንዱ 45፥ ሁለተኛው 30፥ ሦስተኛው 25 ድምፅ ቢያገኙ፥ 45 ያገኘው ብቻውን ያልፋል፤ የ55ቱ ድምፅ መቀመጫ አያገኝም። እንዲህ ያለው ነገር በየወረዳው ሲደጋገም ከግማሽ በታች ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ሦስት አራተኛ መቀመጫ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ያሸነፈ ሰው ሕዝቡ ሁሉ ከእኔ ጋር ነው ብሎ እንዳይታበይ ቍጥሩን ሁለት ጊዜ ማየት አለበት።

ሌላም የምንማረው አለ። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩት ዶክተር አምቤድካር በቦምቤይ ተወዳድረው ተሸነፉ። ሕግ የጻፈ ታላቅ ሰውም ቢሆን በመራጩ ፊት ቆሞ ይፈረድበታል።

«የመጀመሪያው ምርጫ ነውና ሕዝቡ ለነፃነቱ ውለታ ለኮንግረስ ከፈለ እንጂ መቼ መረመረ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። መራጮች በብዙ ምክንያት ይመርጣሉ፤ አንዱ በውለታ፥ አንዱ በዘር ወይም በጎሣ፥ አንዱ በሃይማኖት፥ አንዱ ጎረቤቱን ተከትሎ፥ አንዱ በኪሱ ነገር። ነገር ግን ሕዝብ በየጊዜው ሲመርጥ የቀደመውን ፍርዱን የሚያይበት ቀን ይመጣለታል።

በ1971 የኔህሩ ልጅ ኢንዲራ ጋንዲ «ጋሪቢ ሃታኦ» በሚል መፈክር ተነሡ፤ ትርጉሙ ድህነትን አስወግዱ ማለት ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ኢንዲራን አስወግዱ ሲሉ እሳቸው ግን ድህነትን አስወግዱ አሉ፤ ቃሉ አጭር ነበርና እስከ ገጠር ደረሰ። ፓርቲያቸውም 352 መቀመጫ አገኘ። በጁን 1975 ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ተቃዋሚዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦች ከመታተማቸው በፊት ይመረመሩ ጀመር፤ የሕዝብን ቍጥር እንቀንሳለን በማለትም ብዙ ድኾች ከእንግዲህ ልጅ እንዳይወልዱ በግድ ታክመው መካን ሆኑ።

በ1977 መጀመሪያ ምርጫ ሲታወጅ ከእስር የተፈቱት የተቃዋሚ መሪዎች ጃናታ የሚባል አንድ ግንባር ፈጠሩ። ገንዘባቸው ጥቂት፥ ጊዜያቸውም አጭር ነበር። በዴልሂ ትልቅ ስብሰባ በጠሩ ዕለት የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ በዚያው ምሽት «ቦቢ» የተባለውን በጣም የተወደደ የፍቅር ፊልም አሳየ። ሕዝቡ ግን ፊልሙን ትቶ ወደ ሜዳው ጐረፈ። ድምፁ ሲቈጠር የኮንግረስ መቀመጫ ወደ 154 ወርዶ ተገኘ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም በራሳቸው ወረዳ በራኤ ባሬሊ ተሸነፉ። በዚያን ጊዜ ከህንድ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ማንበብ አይችልም ነበር። የጋዜጣ ምርመራ ለማያነብ ሰው ምኑ ነው ይባል ነበር፤ ነገር ግን ያልተማረው ገበሬ በግድ የተነካ ሰውነቱን፥ የታሰረ ወንድሙን ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው። ኢንዲራ ጋንዲ ውጤቱን ተቀብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1980 ደግሞ ጃናታ እርስ በርሱ ተጣልቶ ከፈረሰ በኋላ ያው ሕዝብ መልሶ እሳቸውን መረጠ። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ እንደሚል፥ በምርጫ የተሸነፈም በሚቀጥለው ምርጫ ይግባኝ ይላል። ይግባኝ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ዳኛውን አይደበድብም።

የህንድ ምርጫ ነውር የለበትም አንልም። በ1957 በቢሃር ክፍለ ሀገር ጉልበተኞች የምርጫ ጣቢያ በኃይል ይዘው ድምፅ እስከ መስጠት ደርሰዋል፤ ከዚያም በኋላ ይህ ክፉ ሥራ በብዙ ቦታ ተደጋግሟል። ገንዘብ፥ መጠጥና ልብስ ማደልም ዛሬ ድረስ ፈጽሞ አልጠፋም። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን በ1960 በኬረላ ክፍለ ሀገር ፓርቲዎች ተስማምተው የቅስቀሳ ሥነ ሥርዓት ደንብ አወጡ፤ ደንቡም በኋላ ለአገሩ ሁሉ ሆነ። ምርጫ ከታወጀ በኋላ ሚኒስትሮች አዲስ መንገድ እንሠራለን፥ አዲስ ርዳታ እንሰጣለን ብለው ማወጅ አይችሉም፤ የመንግሥትን መኪናም ለቅስቀሳ መጠቀም ክልክል ነው። ከ1990 ጀምሮ የምርጫ ኮሚሽኑን የመሩት ሴሻን የተባሉ ሰው ይህን ደንብ ማንንም ሳይፈሩ ስላስከበሩ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ፎቶግራፍ ያለበት የመራጭነት መታወቂያም በእሳቸው ዘመን ተጀመረ።

እንግዲህ ያ ስማቸውን ለመናገር ያፈሩት የሴቶች ነገር የት ደረሰ? በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ፥ ከተመዘገቡት መካከል ወጥተው ድምፅ የሰጡት ሴቶች ከመቶ ሲታሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዶቹ በጥቂቱ በለጡ። ከ2.8 ሚሊዮኑ ስረዛ እስከዚህ ድረስ የቈየው ዘመን አንድ የሰው ዕድሜ ያህል ነው። እንዲሁም ምርጫ ጣቢያ ከመራጩ ቤት ከ2 ኪሎ ሜትር እንዳይርቅ ደንብ ስላለ፥ በጊር ጫካ ውስጥ በአንድ ቤተ መቅደስ ብቻቸውን ይኖሩ ለነበሩ አንድ ባሕታዊ ሲባል ሠራተኞች ሣጥንና መዝገብ ተሸክመው አንበሳ በሚኖርበት ዱር ይሄዱ ነበር። ለአንድ ሰው ድምፅ ይህን ያህል መድከም ሞኝነት የሚመስለው ካለ የእያንዳንዱን ሰው ክብር አላሰበም።

በ2024 ደግሞ 968 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዝግቦ 642 ሚሊዮኑ መረጠ። ገዢው ፓርቲ ቢ.ጄ.ፒ. ከተባባሪዎቹ ጋር ከ400 መቀመጫ በላይ እናገኛለን እያለ ሲቀሰቅስ ከረመ። ውጤቱ ሲወጣ ፓርቲው ብቻውን ያገኘው ከ543ቱ 240 ነበር፤ ለብቻው መንግሥት ለማቆም 272 ያስፈልገው ስለ ነበር ከተባባሪዎቹ ጋር ተጣምሮ መግዛት ግድ ሆነበት። የትኛው ፓርቲ ይሻላል ማለት የእኛ ጉዳይ አይደለም። የምናስተውለው ድምፁ ሳይቈጠር ቍጥሩን የሚናገር ቀስቃሽ በመራጩ ቦታ ተቀምጦ መፍረዱን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን መረጠ። በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሰዎቹ የተወዳደሩት በየግላቸው ነበር። ፓርቲዎች በሰፊው ተከራክረው ሕዝቡም ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ የመረጠበት ምርጫ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ መሆኑን ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ክርክሩን በራዲዮና በቴሌቪዥን ለመስማት ጎረቤት ከጎረቤት ይሰበሰብ እንደ ነበር ነግረውናል። ከዚያ በኋላ ግን በውጤቱ ላይ በተነሣው ጠብ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ስለዚህ ታሪክ እናቶቻችን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኛም ከዚህ የተረዳነው ቅስቀሳው ቢደምቅ፥ ሰልፉም ቢረዝም፥ አሸናፊና ተሸናፊ ውጤቱን አምነው በሰላም የሚለያዩበት ልማድ ካልተተከለ ምርጫው ሙሉ እንዳልሆነ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፥ ካነበብነው ሁሉ የያዝነው አሳብ ይህ ነው፤ መራጭ ዳኛ ነው። ዳኛ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም። መማለጃ አይቀበልም፤ ፊት አይቶ አያደላም፤ ፍርዱንም ሌላ ሰው አይጽፍለትም። ቀስቃሽ ደግሞ ጠበቃ ነው፤ የራሱን ወገን አሳምሮ ቢናገር አይነቀፍም፤ ነገር ግን ለዳኛው መዋሸትም ዳኛውን መናቅም አይገባውም። እኛ ባለፈው ዓመት ሁለቱንም አድርገናል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኛ ሆነ፤ ጥቂት ስለ ተማርን ብቻ ከእኛ በታች ያለው ሁሉ የማያስብ መሰለን።

መራጩም በበኩሉ የሚያርመው አሳብ አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ተረት በአፋችን ላይ እስካለ ድረስ፥ የመረጥነው ሰው ቢበላ የምናዝነው ለእኛ ስላላካፈለን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለድምፅ ብሎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሦስት ነገር እንድንጠይቅ አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ምን ልትሠራ ነው? ሁለተኛ፥ በምን ሥልጣንና በምን ገንዘብ ትሠራዋለህ? ሦስተኛ፥ ባትሠራው በምን እናውቅብሃለን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ዘፈኑ ቢያምርም ገና አልተዘጋጀም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ለሁላችሁም ልመና አለን። በቤታችሁ ስለ ምርጫ ስትነጋገሩ እኛንም አስቀምጡን፤ እንስማ። ነገር ግን አባት ለእናት፥ ታላቅ ለታናሽ ማንን እንደሚመርጡ አይዘዙ። መጋረጃው የተሠራው እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እንዲገባ ነው። መምህሮቻችን ሆይ፥ ክርክር ስንከፍት ጊዜ ስለምትሰጡን እናመሰግናለን፤ የተሸነፈ ልጅ ያሸነፈውን እጅ እንዲጨብጥ ማስገደዳችሁንም አታቋርጡ። በመጀመሪያ እንጠላዋለን፤ ኋላ ግን እንለምደዋለን።

እኛም በበኩላችን ለዘንድሮው የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ የወሰንነውን በፊታችሁ እንናገራለን። ከረሜላና እስክሪብቶ አናድልም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚሠራውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርማል፤ ወረቀቱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቈያል። በሰኔ ወር በሰልፍ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተሠራውና ያልተሠራውም ይለያል። ይህን ደንብ ያረቀቀችው የክበባችን ጸሐፊ ናት። ጸሐፊያችን ባለፈው ዓመት ከረሜላችንን በልታ ለሌላ የመረጠችብን ያች ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገብታለች።

ብዙዎቻችን ገና 18 ዓመት አልሞላንም። የመራጮች መዝገብ በፊታችን የሚዘረጋበት ቀን ግን ሩቅ አይደለም። በዚያ ቀን ስማችንን ከነአባታችን ስም ሳናፍር እንድንናገር፥ ግራ ቀኙን ሰምተን እንድንፈርድ፥ የተፈረደብንም እንደ ሆነ በሰላም ወደየቤታችን እንድንመለስ ፈጣሪ ይርዳን። ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያኑርልን።